ያልተቆረሰው የልደታ ዳቦ

ግንቦት ሲገባ ሜዳ እፈራለሁ። ሰው ጨለማ ይፈራል፣ ውሻ ይፈራል፤ እኔ ደግሞ ገላጣ ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ ዛፍ እፈራለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ለማንም አልደብቀውም።

የተወለድኩት ሰሜን ሸዋ፣ ደጋ ሜዳ ላይ ነው። ዓይን እስኪደክም ቢያዩት ገብስና ሣር ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ከወጡ ዛፍ የሚባለው እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ ነው። እንዲህ ባለ አገር ሰማዩ ቅርብ ነው። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ በግንቦት፣ ከቀትር በኋላ ደመናው ከየት መጣ ሳይባል ይቆለላል። የሐምሌ ዝናብ ይዘንባል፣ ይዘንባል፣ ሰው ይለምደዋል። የግንቦቱ ግን ሌላ ነው። ውሃው ጥቂት፣ መብረቁ ብዙ። ሽማግሌዎች በዚያ ወር ከቀትር በኋላ ሜዳውን የሚያቋርጥ መንገደኛ ሲያዩ «ቶሎ በል፣ ሰማዩን አትመነው» እያሉ ይጣሩ ነበር።

ታላቅ እህቴ የሞተችው በዚያ ወር ነው። ከሴቶች ጋር ከገበያ ስትመለስ ደመናው መንገድ ላይ ያዛቸው። ጓደኞቿ ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጥለው በዝናቡ ውስጥ መንገዳቸውን ቀጠሉ። እሷ የገዛችው ጨው እንዳይሟሟባት ብላ ሜዳው መሀል ካለው የኮሶ ዛፍ ስር ገባች። እኔ ያኔ ሚስት ለማግባት የደረስኩ ጎልማሳ ነበርኩ። ሬሳዋን ካነሱት ሰዎች አንዱ ነኝ። ልብሷ ደረቅ ነበር። እስከ ዛሬ ከዓይኔ የማይጠፋው ይኼ ነው። በዝናቡ የሄዱት ሴቶች ውሃ እያንጠባጠቡ ቆመው ያለቅሳሉ፤ እሷ ደረቅ ልብሷን እንደለበሰች ተኝታለች። ጨውም አልሟሟም።

የሰፈሩ ሰው ግን ዛፉን አላማም። ቀይ መቀነት ታጥቃ ነበርና፣ መብረቅ ቀይ ይወዳል ተባለ። እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀይ ነገር ቤቷ አላስገባችም። እኔም የቱ እንደገደላት ለይቼ አላወቅኩም፤ ዛፉንም ቀዩንም አንድ ላይ ፈርቼ ቀረሁ።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ስለ አንድ ቅዳሜ ለመናገር ነው። እሱም የሆነው እዚሁ ስቶክሆልም፣ በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ ውስጥ ነው።

እኔና ባለቤቴ ሱዳንን አቋርጠን፣ አንዲት ልጃችንን ይዘን ስዊድን ከገባን ብዙ ዘመን ሆኖን ነበር። ቴንስታ የሚባል የከተማው ዳር ሰፈር ፎቅ ላይ ቤት ሰጡን፤ እዚያው አረጀን። እኔ ትምህርቴ ከቄስ ትምህርት ቤት ብዙም ያላለፈ ሰው ነኝ። የባቡር ፉርጎ ሳጸዳ፣ የመሥሪያ ቤት ወለል ስወለውል ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ልጃችን ተማረች፣ ሥራ ያዘች፣ አገባችና መሀል ከተማው፣ ሶደርማልም ገባች። አማርኛ ትሰማለች፤ ስትመልስ ግን በስዊድንኛ ነው። ለምደነዋል። እኔ በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ እሷ በስዊድንኛ ትመልሳለች፣ መግባባቱን እንግባባለን።

ቴንስታ ከፎቆቹ ጀርባ ሰፊ ሜዳ አለው። የርቫ ይሉታል። የገባን ሰሞን ከወጥ ቤቱ መስኮት ሳየው «ይኼ ሜዳ ቀድሞኝ መጥቶ ጠበቀኝ» ብዬ ነበር። ከእግረኛው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ደግሞ ስዊድኖቹ ኤክ የሚሉት አንድ ያረጀ ትልቅ ዛፍ ብቻውን ቆሟል። ግንዱን ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ አያቅፈውም፤ ጥላው ድንኳን ያህላል። ደስ የሚል ዛፍ ነው፣ አልዋሽም። እኔ ግን እግሬን ላፍታታ በወጣሁ ቁጥር ዙሪያውን ዞሬ ነው የማልፈው።

የሰፈራችን ሴቶች ግንቦት ልደታን የሚያከብሩት እዚያ ዛፍ ስር ነበር።

ልደታ ጣሪያ ስር አይከበርም። ሐና እመቤታችንን የወለደቻት ከሰው ሸሽታ፣ ከቤት ውጭ፣ ተራራ ላይ ነው ይባላልና ንፍሮውም ዳቦውም ደጅ ይበላል። አዲስ አበባ ጎረቤት ከየበሩ ወጥቶ መንገድ ዳር ይቀመጣል፤ ማንም ማንንም አይጠራም፣ ሁሉም ጥሬውን ይዞ ይመጣል። ስቶክሆልም ላይ ግን በልደታ ቀን ነፋሱ ገና ጆሮ ይቆርጣል። አንድ ዓመት በካፖርት ተጀቡነው ንፍሮውን በጓንት ሲዘግኑ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ የፎቃችን ጎረቤት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላት አፏ የማያርፍ ሴት፣ «እመቤታችን ይኼን አገር ታየዋለች፤ ብትዘገዩ አትቀየምም» ብላ ወደ ወሩ መጨረሻ ቅዳሜ አዛወረችው። ሴቶቹም ተስማሙ። እኔ ብቻ በሆዴ፣ ከብርዱ ሸሽታችሁ ወደ ባሰው መጣችሁ አልኩ። ሙቀቱ ሲመጣ ነዋ ነጎድጓዱም የሚመጣው።

በዚያ ዓመት ባለቤቴ ለልደታ የተለየ ጉዳይ ነበራት። ልጃችን ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ሳይጸኑላት ቀርተዋል። ሁለተኛው ጊዜ ላይ ልጄ ለብዙ ሳምንት ስልክ እንኳ አታነሳም ነበር። አሁን ሦስተኛው ነው፣ ሆዷም ገፋ ብሏል። ባለቤቴ ተሳለች። «ይኼኛውን አጽኚላት፤ ልጄ ራሷ መጥታ፣ ሜዳ ላይ፣ ዛፍ ስር፣ በገዛ እጇ ዳቦሽን ትቆርሳለች። ከዚያም ልጇን ይዛ በየዓመቱ ትመጣለች» አለች። ስትሳል አጠገቧ ነበርኩ። እንዲህ ያለ ፊት አይቼባት አላውቅም፤ የምትለምን ሳይሆን የምትዋዋል ነው የምትመስለው። ልጃችን ይህን ብዙም አታምንበትም። ግን እናቷን አየችና «እመጣለሁ» አለች።

በዋዜማው ማታ ዜናው አለቀና የአየሩ ሰውዬ መጣ። ካርታው ላይ፣ በእኛ በኩል፣ ደመናና መብረቅ ለጥፏል።

«መብረቅ አለ ይላል» አልኳት።

«ማነው የሚለው?»

«ሰውዬው። ሥዕሉን አታይም?»

«ይኼ ሰውዬ ፀሐይ ሥሎ ሲያሳይህ አንድ ቀን አምነህ ካፖርትህን አውልቀህ ታውቃለህ?»

«ለነገ ሳምንት ብናደርገውስ?»

«ሊጡ ኩፍ ብሏል» አለችኝ። ነገሩ አለቀ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም ቀለለኝ። ወደ ቀትር ላይ ግን ሙቀቱ ደስ የማይል ሆነ። ቅጠል አይንቀሳቀስም። ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጠፈ። ዝንቦቹ ሳህኑን ትተው ሰው ላይ ያርፋሉ። ይኼን አውቀዋለሁ፤ የሰው ፊት እንደማወቅ ነው የማውቀው።

ዛፉ ስር ስንደርስ እትዬ ቀድማ መጥታ ትልቅ ብርድ ልብስ አንጥፋ መሀሉ ላይ ተቀምጣበታለች። ቀይ ነው። ደም የመሰለ ቀይ።

«እትዬ» አልኳት፣ «ምናለ ይችን ቀይ ነገር ብናነሳት?»

«ለምን ጋሼ? ከልባሽ ጨርቅ መሸጫ ገዛሁት እንጂ አልሰረቅኩት!»

«መብረቅ ቀይ ይወዳል።»

«ውይ ጋሼ! መብረቁ እኔን የሚያህል ነገር እዚህ ተቀምጦ እያየ ብርድ ልብስ ምን ያደርግለታል?» አለች። ሴቶቹ በሳቅ ሞቱ። ባለቤቴም ሳቀች። ልጄ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን አዞረች።

እኔ ግን አልተውኩም። ለመንኩ። ብርድ ልብሱ ካልተነሳ አልቀመጥም አልኩ። በመጨረሻ እትዬ እያጉረመረመች፣ በሁለት ሰው ድጋፍ ተነሳች፤ ሳህኑ ተነሳ፣ የጠላው ፕላስቲክ ተነሳ፣ ሕፃናቱ ተነሱ፣ ብርድ ልብሱ ተጠቀለለ፣ በቦታው አንሶላ ተነጠፈ፣ ሁሉም እንደገና ተደረደረ። ይኼ ሁሉ ሲሆን ቆሜ የማየው ቀዩን ነበር። ቀና ስል የሜዳው ጫፍ ጠቁሯል። ፎቆቹ ከጥቁሩ ፊት ነጭ ሆነው ታዩኝ።

የማውቀውን ነገር እንደማያውቅ ሰው የሆንኩት ያን ጊዜ ነው። በዚያ ሰዓት መነሳት የነበረብን እኛ ነበርን፤ እኔ ብርድ ልብስ አስነሳሁ።

ዳቦውን ፊቴ አመጡት። ባለቤቴ ሌሊቱን ስትጋግር ያደረችው፣ ላዩ እንደ ጋሻ የተንቆጠቆጠ ድፎ ነው። ቄስ ስላልነበረ፣ ካሉትም ወንዶች በዕድሜ የምበልጠው እኔ ስለነበርኩ የምመርቀው እኔ ነኝ። ቢላውን ለልጄ ሰጧት። በርከክ ብላ፣ አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ ምርቃቱ እስኪያልቅ ትጠብቃለች።

«በሉ ጋሼ፣ ይመርቁ፤ ንፍሮው በረደ» አለች እትዬ።

ጀመርኩ። «ይህን ዳቦ እንደምንቆርስ ክፉውን ይቁረጥልን።»

«አሜን!»

«ለከርሞ በደስታ ያድርሰን።»

«አሜን!»

«ያገር ቤቱንም የዚህንም በሰላም ያኑርልን።»

«አሜን!»

«ይቺን ልጅ፣ በማኅፀኗ ያለውን...»

በዚያች ቅጽበት ሜዳው ነጭ ሆነ። ድምፁ ተከትሎ መጣ፤ ከሩቅ ነው፣ ግን መሬት ለመሬት ነው የመጣው፣ በእግሬ ሰማሁት። አፌ እንደተከፈተ ቀረ። ዓይኔ ዳቦው ላይ ነው፤ የማየው ግን የእህቴን ደረቅ ልብስ ነው።

«ጨርስ እንጂ» አለችኝ ባለቤቴ።

«እንነሳ» አልኩ።

«ምርቃቱን ጨርስ!»

«ከዚህ ዛፍ ስር እንነሳ። መንገዱ ስር ያለው መተላለፊያ ውስጥ ገብተን እጨርሰዋለሁ።»

«እሱ ጣሪያ ነው! ተስያለሁ እኮ! ዛፍ ስር ብያለሁ፣ ሜዳ ላይ ብያለሁ። አንተ ሰውዬ፣ እመቤታችን ራሷ እያለች መብረቅ ይመታናል ብለህ ነው?»

«እህቴም እኮ ስሟን እየጠራች ነው የገባችው» አልኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር። ባለቤቴ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም።

ሁለተኛው በረቀ። ባለቤቴ ልጃችንን በዓይኗ ያዘቻት። «ቁረሺው። አንዴ ብቻ አስነኪው። እኔ አባትሽን እመልስልሻለሁ።»

ልጄ ቢላውን እንደያዘች እናቷን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። ዛሬም ድረስ ያን አስተያየት አስባለሁ። ሰማዩን ቀና ብላ አላየችም። የምታየው እጄን ነበር። ቢላውን አንሶላው ላይ አስቀመጠችና በስዊድንኛ፣ ቀስ ብላ «እማ፣ አባባ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ እንሂድ» አለቻት። ከዚያም በእጇ መሬቱን ተደግፋ ተነሳች።

እሷ ስትነሳ ሁሉም ተነሳ። ባለቤቴ ብቻዋን ከዳቦው ጋር ቀረች። ዞሬ ሳይ ዳቦውን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ እንደ ሕፃን አቅፋ እየመጣች ነው። አልሮጠችም። የሚመታት ካለ ይምታት ብላ ነው የሄደችው፤ ሌሎቹ እየሮጡ፣ እሷ እየተራመደች።

ከመኪናው መንገድ ስር፣ እግረኛና ብስክሌት የሚያልፍበት የሲሚንቶ መተላለፊያ አለ። እዚያ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ዝናቡ ወረደ፤ በረዶ ተቀላቅሎበታል። ሜዳው ጠፋ፣ ዛፉም ጠፋ። አንዱ ሲበርቅ ሌላው እየጠበቀ፣ ግድግዳው ድረስ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሕፃናቱ ጮኹ። አንድ ስዊድናዊ በብስክሌቱ ገብቶ ከጎናችን ቆመ፤ እትዬ ንፍሮ አዘገነችው። እሱም አመስግኖ አንድ አንድ ፍሬ እያነሳ መብላት ጀመረ።

«ጋሼ» አለችኝ እትዬ፣ ፀጉሯን እየጨመቀች፣ «አዳኑን አሉ። ግን ብርድ ልብሴን እዚያው ጥለውብኛል።»

ማንም ባይስቅም እሷ ሳቀች። ደግ ሴት ነች፣ ነገሩን ለማቅለል ነው።

ባለቤቴ ከግድግዳው ተጠግታ፣ ዳቦውን እንዳቀፈች ቆማለች። ሄጄ «እዚህ ልጨርሰው?» አልኳት። ከላያችን ያለውን ሲሚንቶ በአገጯ አመለከተችኝ።

እንዲህ ያለ ዝናብ እንደ አመጣጡ ነው የሚሄደው። ብዙም ሳይቆይ ፀሐይ ወጣ። ወጥተን አየን። ሜዳው በበረዶ ነጭ ሆኖ ይጨሳል፤ ዛፉ ቆሟል። አንድ ቅርንጫፍ አልጎደለበትም። ቅጠሉ ታጥቦ ያብረቀርቃል። ብርድ ልብሱ ሥሩ እንደተጠቀለለ ተቀምጧል።

«ይኸውልዎ ዛፍዎ!» አለች እትዬ።

በዚህ ጊዜ ሁሉም ሳቀ። እኔም አብሬ ፈገግ አልኩ። የሚጠበቅብኝ እንደሱ መሰለኝ።

«እንመለስ» አለች ባለቤቴ። «ገና ነው። እንመለስና ትቁረስ።»

ልጄ ግን ጫማዋ ውሃ ገብቶበታል፣ ከንፈሯ ጠቁሯል፣ ትንቀጠቀጣለች። ቤት መሄድ እፈልጋለሁ አለች። ባለቤቴ አየቻትና ነጠላዋን ከዳቦው ላይ ገፍፋ ልጇን አለበሰቻት። ዳቦው ሳይቆረስ ቤት ገባ።

በማግስቱ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሳ ባለቤቴ ቤት የለችም። ቤተ ክርስቲያን ሄዳ መስሎኝ ወጥ ቤት ገባሁ። በመስኮቱ ሳይ ሜዳው ላይ ነጭ ለብሳ አንዲት ሴት ዛፉ ስር ቆማለች። ጎንበስ ብላ አንድ ነገር አስቀመጠች። ቆየች። ከዚያ ባዶ እጇን ወደ ፎቁ ተመለሰች። ዳቦውን አልቆረሰችውም፤ ቆራሿ እሷ አልነበረችምና። እንዳለ ነው ያኖረችው። እሷ ከራቀች በኋላ የቴንስታ ቁራዎች ወረዱበት። በሩን ስትከፍት ሻይ አቀረብኩላት። «የት ነበርሽ?» አላልኳትም።

ሰኔ ሳይጋመስ ስልክ ተደወለ። የልጃችን ባል ነው። ሁዲንጌ ሆስፒታል ነን አለ፤ ሌላ ነገር ከማለቱ በፊት ድምፁ ሁሉንም ነገረኝ።

በከተማ ባቡሩ ስንሄድ ባለቤቴ መስኮቱ በኩል ተቀመጠች። ያን ባቡር እኔ ለብዙ ዓመት ጠርጌዋለሁ፤ ወንበሩ ስር ምን እንደሚወድቅ፣ የት ጋ ቆሻሻ እንደሚጠራቀም አውቃለሁ። ዓይኔን የማሳርፍበት ሳጣ ወለሉን አይ ነበር። በመንገዳችን ሁሉ ያ ሳልጨርሰው የቀረው ምርቃት አፌ ላይ ይመጣል። «በማኅፀኗ ያለውን...» በሆዴ ልጨርሰው ሞከርኩ። ግን ከእንግዲህ ለማን ተብሎ ይጨረሳል?

ልጄ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኝታለች። ሐኪሟ፣ ዝግ ብላ የምትናገር ሴት፣ የሕፃኑ ልብ ከመጀመሪያውም በትክክል እንዳልተሠራ፣ ማንም ምንም ቢያደርግ እንደማይለወጥ አስረዳችን። እኔ ከስዊድንኛው ግማሹ አለፈኝ፤ ባሏ ደገመልኝ። ባለቤቴ ትሰማለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች። የሰማችው ግን ሌላ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ።

ልንሄድ ስንነሳ ልጄ ዞረችና እጄን ያዘችኝ። በአማርኛ ተናገረች። አማርኛዋ የሕፃን አማርኛ ነው፤ ካደገች ወዲህ ከአፏ ሰምቼው አላውቅም ማለት ይቻላል።

«አባባ» አለችኝ፣ «ያንተ ጥፋት አይደለም።»

እስከዚያ ድረስ ጥፋትህ ነው ያለኝ ሰው አልነበረም። እሷ አይደለም ስትል ነው ያወቅኩት። ከእኔ ጀርባ ሲባል የሰነበተ ነገር ነበር። ማን እንዳለ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ እናቷ በሩ ጋ ቆማ የቦርሳዋን ማንገቻ ታስተካክላለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ይከብዳል። ተጣላን ማለት አይቻልም። ባለቤቴ ምግቤን ታቀርባለች፣ መድኃኒቴን ታስታውሰኛለች፣ ብርድ ሲሆን ሻርፔን በር ላይ ትሰጠኛለች። ያን ቀን ግን አንድም ጊዜ አላነሳችውም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አንዳንዴ ማዕድ ላይ ልትናገር ትጀምርና፣ አፏን ትከፍትና፣ ጨው አቀብለኝ ትላለች።

እኔም ጠባዬ ተለወጠ። ያን የምዞረውን ዛፍ እየሄድኩ ማየት ጀመርኩ። ነጎድጓድ በመጣ ማግስት ሁሉ እሄዳለሁ። ግንዱን ከላይ እስከ ታች እመረምረዋለሁ፤ የተሰነጠቀ፣ የከሰለ ነገር እፈልጋለሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና እንዲመታ እመኝ ነበር። አንድ ጊዜ ቢመታው ባለቤቴን እጇን ይዤ አምጥቼ አሳያት ነበር። አልተመታም። በየዓመቱ ቅጠሉን ያወጣል፤ የስዊድን ልጆች ከሥሩ ብርድ ልብስ አንጥፈው ይጫወታሉ።

ሴቶቹ ልደታን ማክበራቸውን አልተዉም፤ ባለቤቴ ግን ቀረች። እትዬ ሁለት ጊዜ መጥታ ለመነቻት፣ ከዚያ እሷም ልጇ ዘንድ ሌላ ከተማ ሄደች። ልጃችንም ለልደታ አትመጣም፤ ሌላ ጊዜ ትመጣለች፣ አበባ ይዛ ትመጣለች፣ ቶሎ ትሄዳለች። ባለቤቴ ልደታ ሲደርስ አንድ ጣሳ የማይሞላ ንፍሮ ትቀቅልና በረንዳው ላይ ወንበር አውጥታ ብቻዋን ትበላለች። ከላያችን ያለው ጎረቤት በረንዳ ለእኛ ጣሪያ ነው፤ በሦስት ጎኑ ግን ክፍት ነው። ቤት ነው ወይስ ደጅ? አልጠየቅኳትም። ዳቦ ግን አልጋገረችም።

እንዲህ እየሆነ ጥቂት ዓመት ሄደ። ታዲያ አንድ ዓመት፣ እንደ ድሮው ማኅበር በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ፣ ንፍሮዋን ይዛ በረንዳው ላይ ወጣች። ለምን ቀኑን እንደዚያ እንዳደረገች አልነገረችኝም። ሙቀቱ ያው ነው፣ ዝንቡም ያው ነው። እኔ ውስጥ ተቀምጬ ሬዲዮ እሰማለሁ። ሰማዩ ከሜዳው ጫፍ ጠቆረ። ከፎቃችን ላይ ሆኖ ሲታይ ደመናው በፎቆቹ ቁመት ነው የሚመጣው።

ተነሳሁ። በሩ ጋ ደረስኩ። «ግቢ» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ከዚያ ዋጥኩት። አንድ ጊዜ ብዬዋለሁ፣ ዋጋውን አይቻለሁ። ሌላውን ወንበር ይዤ ወጣሁና ከጎኗ ተቀመጥኩ። በሁለት እጄ የወንበሩን ጫፍ ያዝኩ።

አየችኝ። በረቀ፤ ድምፁ ቴንስታ ላይ ተንከባለለ። ነፋሱ የመጀመሪያዎቹን ጠብታዎች በአግድም አስገባብን። ሜዳው ላይ ሰዎች ዕቃቸውን እየሰበሰቡ ይሮጣሉ፤ አንዳንዱ ወደ ፎቆቹ፣ አንዳንዱ ወደ ዛፉ። ባለቤቴ ወደ ዛፉ የሚሮጡትን በዓይኗ ተከተለቻቸው። ከዚያ ስልኳን ከጉያዋ አወጣችና ደወለች።

«የት ነሽ?» አለች። ልጃችን ናት። «ሥራ ነሽ? ... ወጣሽ? ... በእግርሽ ነሽ?» ትንሽ አዳመጠች። «ስሚ፣ እዚያም ይመጣል፣ ወደ እናንተ ነው የሚሄደው። ዝናቡ ይምታሽ፣ ግድ የለም፣ ልብስ ይደርቃል። ዛፍ ስር እንዳትቆሚ። ሰማሽኝ? ሰው ሁሉ ቢገባ አንቺ እንዳትገቢ። ዛፍ ስር እንዳትቆሚ ብቻ።»

በዚያ በኩል ልጄ አንድ ነገር ጠየቀቻት መሰለኝ። ባለቤቴ «አዎ» አለች፣ ወደ እኔ ሳታይ። «እዚህ ነው። አጠገቤ ተቀምጧል።»

ስልኩን ዘጋች። ዝናቡ በረታ፤ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ረጥቧል፣ እኔም ረጥቤያለሁ። ሳህኑን ከጭኗ አነሳችና ወደ እኔ አስጠጋችው።

ዘገንኩ። ንፍሮው ዝናብ ገብቶበት ነበር።